የተያዘለት ወረፋ

«እንኳንም መርጠው ሞቱ!» አለች የሰፈሩ ፋርማሲስት፣ ስልኳን የሟቹ ሚስት አፍንጫ ሥር አስጠግታ። «እስቲ ይዩዋቸው እትዬ፣ ጣታቸውን እንዴት እንደቀሰሩት! አራት ሺህ ላይክ ነው ያገኙት።»

ሚስትየው መነጽሯን ደረቷ ላይ ዳበሰች፣ አጣችው፣ ዐይኗን አጥብባ አየች። ባሏ ጥቁር ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ቀለም የነካውን የግራ አውራ ጣቱን ወደ ካሜራው ቀስሯል። ከፎቶው በላይ ልጇ የጻፈው አለ፤ ፋርማሲስቷ ጮክ ብላ አነበበችላት። «አንድ እግሩን ለአገሩ የሰጠው አባቴ ዛሬ ጠዋት መርጧል። ሁለት እግር ያላችሁስ የት ናችሁ?»

ልጇ የሻይ ትሪ ይዞ ኩሽናው በር ላይ ቆሟል። እናቱ ቀና ብላ አየችው።

«አዎ» አለች ቀስ ብላ። «መርጧል።»

በሠላሳ ስምንት ዓመት ዕድሜው እናቱ ስትዋሽ ሲሰማ የመጀመሪያው ነው። በር ሲንኳኳ «የለም በይልኝ» ቢሏት፣ «የለም በይ ብሎኛል» ብላ የምትመልስ ሴት ናት። ሻዩን አደለ።

ለቅሶው ሁለተኛ ቀኑ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለችው ጠባብ ሳሎን ከየጎረቤቱ የተዋሱ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ስለሚል የለቀስተኛው ትከሻ አይገጥምም። ሰው ስለ ምርጫው ውጤትና ስለ ጉልበት ሕመም ይንሾካሾካል፤ አዲስ ሰው ሲገባ ፊቱን መልሶ ያጠቁራል። በሩ አጠገብ ያለችው ባለመደገፊያ ወንበር ላይ ግን ማንም አልተቀመጠም። የሟቹ መሆኗን ያውቃሉ። በሩ አጠገብ ምን እንዳመጣት የሚያውቁት እናትና ልጅ ብቻ ናቸው።

እሑድ፣ የምርጫው ዕለት፣ ሟቹ ሃምሳ አለቃ ጎሕ ሲቀድ ተነስቶ ተላጨ። ሰው ሠራሽ እግሩን አሰረ፣ ጫማውን ወለወለ፣ ካፖርቱን ለበሰና ወንበሩን ራሱ ወደ በሩ ጎትቶ ተቀመጠ። ደረጃ ለመውረድ የሚደገፈው ትከሻ ይፈልጋል። የሚስቱ ትከሻ አይችለውም።

«ተነሳ እንጂ፣ ሰልፉ ሳይረዝም።»

«መጣሁ አባባ፣ ይቺን ብቻ ልመልስለት» አለ ልጁ፣ ዐይኑን ከስልኩ ሳያነሳ።

«ለማን?»

«አንድ ደደብ አለ።»

«አንድ ብቻ ከሆነስ ደግ ነው» አለ አባቱ።

ሰፈሩ ልጁን «መነጽር ሠሪው» ይለዋል፤ ቀኑን ሙሉ በትሕትና የሰው ዐይን ሲመረምር ይውላል። ስልኩ ላይ ግን «የጀግናው ልጅ» ነው፤ እዚያ ትሕትና ብሎ ነገር የለም። ክርክር በገጠመ ቁጥር የአባቱን እግር ማስረጃ አድርጎ ያቀርባል። አባቱ ራሱ ስለዚያ እግር በሕይወቱ ያወራው ሁለት ጊዜ ቢሆን ነው። «ፈንጂ የረገጥኩት መንገድ ስቼ ነው» ይል ነበር። «ጀግና ከተባለ፣ በጀርባው ተሸክሞ ያወጣኝ ጓዴ መትረየስ ነው።» የልጁን ስልክ ደግሞ ምሽግ ይለዋል። «እኛስ ምሽግ የገባነው የሚተኩስብን ስለነበረ ነው። አንተ ማንን ፈርተህ ነው ስምህን የደበቅኸው?»

ያን ዕለት «እውነቱ ይውጣ» የሚባል፣ እሱም ስሙን የደበቀ ሰው፣ «ምረጡ ምረጡ የምትለው ራስህ መርጠሃል?» ብሎ ጻፈበት። መነጽር ሠሪው ባለፈው ምርጫ፣ የዛሬ አምስት ዓመት የተነሳውን የአባቱን ፎቶ ፈልጎ ለጠፈ፤ ሰፈሩም ማንነቱን ያወቀው በዚሁ ፎቶ ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ እውነት የሚሆን ነገር ውሸት አይባልም ብሎ ራሱን አሳመነ። ከዚያ ሙገሳው ጎረፈ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ ላመሰገነው ሲመልስ፣ ለሰደበው ሲሳደብ ረፋዱ አለፈ። ምሳ ቀረበ። ዝናብ ጣለ። ሲያባራ እንሄዳለን አለ። ሲያባራ ደግሞ ሰልፉ እስኪያጥር አለ። እናቱ ሁለት ጊዜ መጥታ አጠገቡ ቆመች፤ በሁለተኛው «ልጄ፣ ሰውዬው እኮ ካፖርቱን አላወለቀም» አለችው።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ምርጫው ተዘጋ። አባቱ የካፖርቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ፈታ።

«ግድ የለም» አለ። «የዛሬ አምስት ዓመት በጠዋት እንነሳለን።»

ማክሰኞ ጠዋት ልቡ ቆመ። እጆቹን ደረቱ ላይ ያጣጠፈለት ልጁ ነው። አሥሩም ጥፍሮች ንጹሕ ነበሩ። ፎቶውን ግን አላጠፋውም። ሥሩ የተጻፈው «ነፍስ ይማር» ስድስት መቶ ሲደርስ ሽንት ቤት ገብቶ፣ በሩን ቆልፎ ሁሉንም አነበበ። ደግሞም አጽናኑት። ለራሱ ይቅር ማለት ያቃተው ይህንን ነው።

በሦስተኛው ቀን መትረየስ መጣ። ስሙ የወጣለት በመሣሪያው ሳይሆን በአፉ ነው፤ አንዴ ከጀመረ አያባራም። ያን ቀን ግን ሦስቱን ፎቅ እያረፈ ወጥቶ፣ እናትየውን አቅፎ፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ በሩ አጠገብ ባለችው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ማንም አልከለከለውም። ሻይ ሰጡት። ብርጭቆውን የያዘበት የግራ አውራ ጣቱ ጥፍር አሁንም እንደጠቆረ ነው።

ታችኛው ፎቅ የሚኖረው ሹፌር ጨዋታ ልፍጠር ብሎ፣ «መቼም እርስዎና ሃምሳ አለቃ አብራችሁ ነው የመረጣችሁት» አለው።

መትረየስ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ወረፋ ይዤለት ነበር» አለ። «ሁሌም በዚያ እግሩ እንዳይቆም ቀድሜ ሄጄ የምይዝለት እኔ ነኝ። እሑድም ያዝኩለት። ተራዬ ሲደርስ ከኋላዬ ያለውን አሳለፍኩ። የሚቀጥለውንም አሳለፍኩ። ዝናቡም መጣ፣ እሱ ይመጣል ብዬ አልተነቃነቅኩም። ሊዘጋ ሲል ነው ብቻዬን የገባሁት።»

እናትየው የሻርፗን ጫፍ ታጥፍ ጀመር፤ ሆድ ይፍጀው ብላ የያዘችው ነገር ፊቷ ላይ ወጥቷል። መነጽር ሠሪው አፏን ልትከፍት ስትል አየ። ሁለተኛ ልትዋሽለት ነው።

«አልመረጠም» አለ። ድምፁ ካሰበው በላይ ጮኸ። «ፎቶው የድሮ ነው። ቀኑን ሙሉ እዚያች ወንበር ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ። እኔ ነኝ ያልወሰድኩት።»

ለቀስተኛው እርስ በርስ ተያየ። ስድብ ቢመጣ ደረቱን ይሰጥ ነበር። እነሱ ግን አዘኑለት።

«ተው እንጂ ወንድሜ» አለ ሹፌሩ፣ ጎትቶ አጠገቡ እያስቀመጠው። «ሐዘን እንዲህ ያደርጋል። እኔም እናቴ የሞተች ጊዜ እኔ ነኝ የገደልኳት እያልኩ ሳስቸግር ነበር።»

«ውሃ ስጡት» አለ አንዱ።

«እውነቴን ነው የምላችሁ!»

«የምን እውነት?» አለች ፋርማሲስቷ፣ ስልኳን ከቦርሳዋ እያወጣች። «ይኸው፣ ‹ዛሬ ጠዋት መርጧል› ይላል! ቀኑም አለበት። አንተው ራስህ አይደለህ እንዴ የጻፍከው?» ፎቶውን ለግራ ቀኙ አዞረችው። ሁሉም አይቶ ራሱን ነቀነቀ። «ሽማግሌው ሃምሳ አለቃን ሳያዩዋቸው አልፈው ይሆናል፣ እርጅና እኮ ነው» አለ አንድ ሹክሹክታ። አራት ሺህ ሰው የመሰከረበትን ነገር አንድ ልጅና አንድ ሽማግሌ ሊያፈርሱት አልቻሉም።

መትረየስ ተነስቶ መጣ። ሊያጽናናው ነው ብለው መንገድ ለቀቁለት። የመነጽር ሠሪውን ግራ እጅ አነሳና አውራ ጣቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው። ጥፍሩ ንጹሕ ነው። በሦስት ቀን ውስጥ ስንቱ ሰው ጨብጦታል፤ አይቶት የሚያውቅ ግን አልነበረም።

«አንተም?» አለ፣ ለእሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

እጁን መልሶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠለት። ኮፍያውን አድርጎ፣ ለእናትየው ጎንበስ ብሎ ወጣ።

መነጽር ሠሪው ተከትሎት ወጣ። ደረጃው አፋፍ ላይ ደረሰበት። ከጎኑ ቆሞ፣ ትከሻውን ዝቅ አድርጎ አቀረበለት። ሽማግሌው ትከሻውን አየው። ከዚያ የደረጃውን ብረት ያዘና አንድ አንድ እያለ ወረደ። የታችኛው በር ተከፍቶ እስኪዘጋ ድረስ፣ መነጽር ሠሪው ትከሻውን ዝቅ እንዳደረገ ቆየ።