ለአቶ ፋንታ የሄደው ምስጋና

...ደግሞ ይጠራል፣ ከጧት ጀምሮ አላረፈም፣ ይኼ የቢቸናው የአረጋውያን ማኅበር ስልክ፣ ገንዘብ ለሰጡት ብቻ መላክ ሲገባት ወይንእሸት አንዲት ቁልፍ ስታ ስሙ ለተመዘገበ ሁሉ ስለ ልግስናዎ እናመሰግናለን የሚል ቴክስት ልካ፣ አንዱ እየደወለ ይስቃል፣ አንዱ እኔ እኮ ምንም አልሰጠሁም፣ ሹፈት ነው እንዴ ይላል፣ ኃላፊዋ ደምለው ራሱን ይዞ ወጥቷል፣ ክረምቱ መጣ፣ የሽማግሌዎቹ ጣሪያ ያፈሳል፣ ከእንግዲህ ማን ያምነናል፣ ሄሎ።

የሴት ድምፅ። ቀስ ያለ። ይርጋነሽ እባላለሁ ልጄ፣ ከሞጣ ነው፣ የፋንታ ባለቤት፣ ጎረቤቴ ኸይራት አነበበችልኝ፣ የምደውለውም በሷ ስልክ ነው፣ ፋንታዬን ያመሰገናችሁት ምን አድርጎላችሁ ነው? ካረፈ እኮ መንፈቅ አለፈው፣ የሱን ስልክ ግን ቻርጅ አደርገዋለሁ፣ እንዲዘጋ አልፈልግም።

ኧረ የኔ ጉድ። ምን ልበላቸው፣ ሰጥተው ነበር ብላቸው ደስ ይላቸዋል፣ አንዲት ቃል ናት፣ ማን ያውቅባታል፣ አይ፣ በሙት ስም? እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ በስሕተት የላክሁት ነው፣ አቶ ፋንታ አልሰጡም።

ዘጉት? አልዘጉም፣ ትንፋሻቸው ይሰማል።

እና ቁጥሩን ማን ሰጣችሁ?

ማን ሰጠን፣ ሞጣ ገበያ ላይ ድንኳን ተክለን ሰው ስንመዘግብ፣ ቆይ፣ ያ ረጅሙ ሰውዬ፣ ካፖርታቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል ያደረጉት፣ እሳቸው ናቸው! ራሳቸው ናቸው የሰጡኝ እማማ፣ ጤፌን ልሽጥና እልካለሁ አሉኝ፣ ቁጥሩን በዜማ ነበር የነገሩኝ።

በዜማ! ይስቃሉ፣ ሳቁ መሀል ላይ ይሰበራል፣ እሱ ነው፣ እንዳይረሳው እኮ ነው፣ በዚያው ሳምንት ታሞ ተኛ፣ ጤፉንም አልሸጠ።

ወይንእሸት በእጅጌዋ ዐይኗን ትጠርጋለች። ገንዘብ መጠየቅ ሥራዋ ነው፣ ሥልጠናው ላይ ሰው ልቡ ሲነካ ያን ጊዜ ጠይቁ ተብለዋል፣ አትጠይቅም፣ ዛሬስ ሞታ ነው። የሚጠይቁት እሳቸው ናቸው፣ በዚህ በሱ ስልክ ይላካል ወይ? ይላካል፣ አንዲት ፊደል ቴክስት ሲያደርጉ ከካርዱ ብር ይቆረጣል፣ ግን እማማ፣ ግድ የለም። እንግዲያ ቀስ ብለሽ አሳይኝ፣ ኸይራት ትክፈትልኝ እንጂ የምጫነውስ እኔ ነኝ።

ሁለት ቁጥሯን አንድ ጊዜ ይጫኑ፣ ኤ የምትባል ፊደል ትመጣለች። ይቺ እንደ ጎጆ ክዳን ሹል ያለችው? እሷው። አሁን የማኅበሩን አጭር ቁጥር፣ ስድስት፣ አዎ፣ ቀጥሎ ሁለት፣ አይቸኩሉ፣ ኸይራት ከወዲያ አረንጓዴዋን ነው አረንጓዴዋን ትላለች፣ ተይኝ እስቲ አገኘኋት ይሏታል፣ ወይንእሸት ኮምፒዩተሩ ላይ አፍጥጣለች፣ ኔትወርኩ ደግሞ፣ ና በል፣ ና እንጂ፣ መጣ፣ የአቶ ፋንታ ቁጥር።

ደረሰ?

ደረሰ እማማ።

እንግዲያ አሁን አመስግኚው።

አቶ ፋንታ፣ ትላለች ወይንእሸት፣ ራቅ ብሎ ለቆመ ሰው እንደሚነገር ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ስለ ልግስናዎ እናመሰግናለን።