ከጥሩሩ ስር የነበረው ዚፕ

አሁንም ሳስበው ፊቴ ይቃጠላል። በየሐምሌው ቪስቱላ ወንዝ ዳር ተሰብስበን፣ ከስድስት መቶ ዓመት በፊት የነበረውን ጦርነት ለትርኢት ስንዋጋ፣ ልብስ ፈታሹ እኔ ነኝ። በዚያ ዘመን ያልነበረ ነገር ካየሁ ምሕረት የለኝም።

ባለፈው ሐምሌ፣ በመጀመሪያው ቀን ጠዋት የመፈተሽ ተራው የጓደኛዬ የቦግና ሆነ። አሥራ አምስት ዓመት ጎን ለጎን ተሰልፈናል። ከጥሩሩ፣ በራስ በኩል ከሚጠለቀው የብረት ቀለበት ልብስ፣ ስር የሚለበሰውን፣ ጥጥ የታጨቀበትን ልብስ አዲስ ሰፍታ መጥታለች። አንገቱን ገለጥ አደረግኩት።

«ይሄ በመኪና የተሰፋ ነው።»

«አንድ ስንዝር ናት እኮ ሌሼክ! ጣቶቼን ታውቃቸው የለ? ቁርጥማቱ መርፌ አላስይዝ አለኝ። ደግሞ ጥሩሩ ይሸፍነዋል።»

«ጥሩሩ ይሸፍነዋል ማለት ከጀመርንማ ነገ በፒጃማ እንመጣለን!» አልኩ፣ ሰው እንዲስቅልኝ። ሳቁልኝ። «በይ ሂጂ፣ ከተመልካች ጋር ቁሚ።»

ልብሱን አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ሄደች።

እንግዲህ ጉዴን ስሙ። በብርዱ ወራት ወፍሬ የራሴ ጥጥ ልብስ አልገባ ብሎኝ ነበር። ከጥሩሬ ስር የለበስኩት የበረዶ መንሸራተቻ ጃኬቴን ነው፤ እጅጌውን ቆርጬ፣ ሰማያዊ፣ ባለ ዚፕ!

ውጊያው አለቀ። አሥራ ሁለት ኪሎ ብረት ብቻህን አታወልቅም፤ አንተ ጎንበስ ትላለህ፣ ጓደኛህ በራስህ በኩል ይጎትትልሃል። ሁሉም ጥንድ ጥንድ ሆኖ ሲጎታተት እኔ ተገትሬ ቀረሁ።

«ና እንጂ፣ ልሳብልህ!» አለኝ አለቃችን ራዶሚል።

«ተወኝ፣ ተመችቶኛል።»

«በዚህ ሙቀት? ወይ ጉድ! ለካ ከብረቱ ጋር ተጋብተሃል!»

ቋሊማና ጎመኑን ላቤ እየተንጠባጠበ በላሁ። በኋላ ሙቀቱ ብሶብኝ ከድንኳን ጀርባ ተደበቅኩና፣ ጎንበስ ብዬ ትከሻዬን አራገፍኩ። ጥሩሩ ጭንቅላቴ ላይ ተቀረቀረ። እጆቼ ተሰቅለው፣ ዓይኔ ተሸፍኖ፣ እግሬ ሲንገዳገድ ኮቴ ሰማሁ። አንድ ሰው ብረቱን ይዞ ሳብ አደረገልኝ።

ቦግና ነበረች። ዚፑን አየችው። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!

ትጮህብኛለች፣ ሰው ትጠራብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ያንን ጥጥ ልብስ ከቦርሳዋ አውጥታ አስታቀፈችኝ።

«ሰፊ ነው፣ ይበቃሃል። ነገ ልበሰው። እኔ እንደሆንኩ ተመልካች ነኝ።»

ይቅርታ እንኳ ሳልላት ልብሱን ታቅፌ ወደ ድንኳኑ ገባሁ። በማግስቱ ለበስኩት። ያቺ አንድ ስንዝር ስፌት ቀኑን ሙሉ አንገቴን ስትፈገፍገኝ ዋለች። ማንም አላያትም፤ ፈታሹ እኔ ነኛ።