የአስተማሪ ፍሬን

በሽታዬን ጎረቤቴ ያውቃል፤ የጎረቤቴ አማት ታውቃለች። ባለሱቁ እንኳ ያውቃል፤ ሰሞኑን ዋጋ ስከራከረው ይቀንስልኛል፣ ያ ሰው ለገዛ እናቱም ቀንሶ አያውቅም። የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ። የበሽታው ባለቤት ስለሆንኩ እንዳልደነግጥ ታስቦልኝ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

ችግሩ ታናሽ ወንድሜ ነው። በአውቶቡስ መናኸሪያ የመነሻ ሰዓት የሚለፍፈው እሱ ነው፤ ሰፈሩ «ማጉያው» ይለዋል። የድምፅ ማጉያው መሣሪያ ሲበላሽ ሥራ አይቋረጥም፣ እሱ አለ። ታዲያ የመጀመሪያው ቀን ሐኪሙ እኔን አልፎ ከኋላዬ ያሉትን እያየ «ቤተሰብ ማን አለ?» ሲል፣ ወንድሜና ልጄ ተነሥተው ኮሪደር ወጡ፤ በሩን ዘጉ። ሐኪሙ አንድ ነገር ተናገረ። ወንድሜም በሹክሹክታ፣ «የአንጀት ካንሰር?! ጉበቷም ላይ?!» አለ።

ሹክሹክታውን ሦስተኛ ፎቅ ያሉት አራሶችም ሳይሰሙት አልቀረም። ከዚያ ሐኪሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚለውን ሁሉ ወንድሜ እየደገመ አረጋገጠልኝ። «በኬሞ? አምስት ዓመት የሚደርሰው ከመቶ አሥራ አራት ሰው ብቻ?» አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ፤ ሐኪሙ ገና ጎልማሳ ነው፣ ራሱ ግን ከፊት ተመልጧል። ያመለጠው አፍና የተመለጠው ራስ ጎን ለጎን ቆመው ነበር።

ተመልሰው ሲገቡ ልጄ ፈገግ ብላ፣ «ቁስለት ነው እማዬ፤ ትንሽ የአንጀት ቁስለት» አለችኝ።

«ተመስገን» አልኩ። ምን ልበል? ልጅቷ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠርጋ ነው የገባችው። ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝኩት፤ ሆዴ በዚያን ጊዜ የሚፈጀው ሌላ ነገር ባያጣም።

እኔ መኪና መንዳት አስተምራለሁ። መኪናዬ ትንሽ ነጭ ናት፤ ከአሽከርካሪው ጎን ባለው ወንበር በኩል፣ አስተማሪው የሚቀመጥበት ቦታ፣ ሁለተኛ ፍሬን አላት። ተማሪው መሪውን ይይዛል፣ ጋዙን ይረግጣል፣ ጌታ የሆነ ይመስለዋል፤ የሁለታችን ነፍስ ግን እኔ እግር ሥር ነው። ከመቶ ስንት የሚባለውንም ነገር ደህና አድርጌ አውቀዋለሁ። ከመቶ ተፈታኝ በመጀመሪያው ፈተና የሚያልፈው ሠላሳ አይሞላም። ግን አንዱንም ተማሪ «አንተ ከሰባዎቹ ነህ፣ አትድከም» ብዬ መልሼ አላውቅም። ፍሬቻ ስላት የዝናብ መጥረጊያ የምታበራ ሴትዮ በአንድ ጊዜ አልፋለች፤ መኪና ፈትቶ የሚገጥም መካኒክ ደግሞ አራት ጊዜ ወድቆብኛል።

ኬሞውን ጀመርን። የክፍሉ በር ላይ «የካንሰር ሕክምና» ተብሎ ከመንገድ ማዶ በሚነበብ ፊደል ተጽፏል። ልጄ ቀና ብላ አየችው፤ እኔንም አየችኝ።

«የቁስለት ሐኪሞቹ ክፍል ስለጠበባቸው የእነዚህን ተውሰው ነው» አለች። ባንክ ነው የምትሠራው፤ ሰው አምኗት ገንዘቡን ያስቀምጣል።

«ደጎች ናቸው» አልኳት።

ግሉኮሱ ውስጥ የሚገባው ነገር «የቁስለት ቪታሚን» ተባለ። በየሁለት ሳምንቱ ይሰኩልኛል፤ ከዚያ ቪታሚኑን ቀስ በቀስ የምታንጠባጥብ አንዲት ትንሽ ጠርሙስ ወገቤ ላይ ታስራ ቤት ድረስ ትከተለኝና ሁለት ቀን አብራኝ ታድራለች። ቪታሚኑ ጉድ ነው። ከፍሪጅ የወጣ ነገር ስነካ ጣቶቼን በመርፌ ይወጋል፤ ቀዝቃዛ ውኃ ስጠጣ ጉሮሮዬን ያንቃል፤ ምግብ ሁሉ ሳንቲም ሳንቲም ይላል። ለሕፃናት አለመስጠታቸው ደግ ነው።

እርግጥ የእኔም እጅ ንጹሕ አይደለም። ነርሷ በየዙሩ «እግርዎ ይደነዝዛል? መሬቱ ይሰማዎታል?» ትለኛለች። «እንደ ድሮው» እላለሁ። ውሸቴን ነው። ከሰባተኛው ዙር በኋላ አንድ ቀን አንዱ ጫማዬ ወልቆ በካልሲ አስፋልት ስሻገር፣ ያወቅኩት ሰው ሲስቅ ነው። ግን ብናገር መድኃኒቱን ይቀንሱብኛል ብዬ ፈራሁ። እዚህ ላይ አልቀልድም፤ መኖር እፈልጋለሁ። ከአሥራ አራቶቹ አንዷ መሆን እፈልጋለሁ፤ ለዚህ ሁለት እግር ቢጠይቁኝ ርካሽ ነው ብዬ እከፍላለሁ።

ከዚያ ሲቲ ስካን ተነሣሁ። ሐኪሙ ውጤቱን ይዞ ብቅ አለና እንደ ልማዱ «ቤተሰብ ማን አለ?» አለ። በዚህኛው ቀን ልጄ ኮሪደሩን አላመነችውም። አጎቷን ክንዱን ይዛ ደረጃውን አወረደችው፣ ግቢውን አሻገረችው፣ መኪና ማቆሚያው ድረስ ወሰደችው፤ ሐኪሙም ነጭ ጋውኑን እያውለበለበ ተከተላቸው። በመስኮት አየኋቸው። የወንድሜ አፍ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ድምፅ የለም። ማጉያው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሹክ አለ፤ እኔም በሽታው ከጀመረኝ ወዲህ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ተመልሰው «እንኳን ደስ አለሽ!» አሉኝ። ድነሻል! መርፌ የለ፣ ጠርሙስ የለ፣ በቃ! ወንድሜ ኬክ ገዛ።

በማግሥቱ ለዳነ ሰው የማይደረግ ነገር ሁሉ ይደረግልኝ ጀመር። ሠርጌ ላይ ያልተገኘ አጎቴ ከሩቅ አገር ተሳፍሮ መጣ፤ አልጋዬ ጫፍ ተቀምጦ አንድ ቃል ሳይተነፍስ አፈጠጠብኝ። ውኃ ልጠጣ ስነሣ ሦስት ሰው ይነሣል። አንዲት ጎረቤቴ «የበደልኩሽን ይቅር በይኝ» ብላ መጣች። ምን እንደበደለችኝ ረስቼው ነበር፤ ዘርዝራ አስታወሰችኝ፣ እንደ አዲስ ተናደድኩ። መዳን እንዲህ ከሆነ መታመም ይሻላል።

ልጄ አንድ ቀን «አየር ትቀይሪያለሽ» ብላ በእኔው መኪና ልታወጣን ተነሣች። ከታመምኩ ወዲህ በገዛ መኪናዬ የኋላ ወንበር ላይ ከትራስ ጋር ነው የምጫነው። ያን ቀን ወንድሜ የፊቱን በር ለራሱ ሲከፍት ቀደምኩትና ገባሁ።

«እትዬ፣ ኋላ ይመችሻል እኮ፤ ትራስ አለ።»

«ከዳንኩ ትራስ ምን ያደርግልኛል? አንተ ተኛበት።»

ኋላ ገባ።

መንገዱ በሆስፒታሉ በር ነው የሚያልፈው። እዚያ ስንቃረብ ልጄ ወደ በሩ ላለማየት ስፖኪዮውን ደጋግማ ታያለች። እኔ ነኝ ያስተማርኳት፣ አውቃታለሁ፤ ተማሪ መስታወት ሲያበዛ የሚያስፈራው ነገር ከፊቱ አለ።

«መድኃኒቱን ማን አቆመው?» አልኳት።

«ሐኪሙ ነዋ እማዬ። ስለዳንሽ።»

ፍሬኑን ረገጥኩት።

መኪናዋ ተንፈራግጣ መሀል መንገድ ላይ ጠፋች። ወንድሜ ግንባሩን ከወንበሬ ጀርባ ጋር አጋጨ። ከኋላችን ያለው ሚኒባስ ክላክሱን ለቀቀው። ልጄ ቁልፉን አዙራ ጋዝ ሰጠች፤ መኪናዋ አቃሰተችና እንደገና ጠፋች።

«እማዬ፣ እግርሽን አንሺ! ሰው እየተሳደበ ነው!»

«ይሳደብ። ስሰደብበት የኖርኩት መንገድ ነው። ስሚ፣ የአንጀት ካንሰር እንደሆነ አውቃለሁ። ጉበቴ ላይ እንዳለም አውቃለሁ። ከመቶ አሥራ አራት። ይኼን አጎትሽ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለሕንፃው ሁሉ ለፍፎልኛል። ያልሰማሁት መኪና ማቆሚያው ጋ የተባለውን ብቻ ነው።»

ከኋላ «ወይኔ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ለእሱ እንኳ ትልቅ ነበር።

ልጄ መሪው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ከዚያ ነገረችኝ። መድኃኒቱ መሥራት አቁሟል፤ ጉበቴ ላይ ያለው አድጓል። ሌላ መድኃኒት አለ፤ ጸጉር ይጨርሳል፣ ሆድ ያጥባል፣ የሚሰጠው ምናልባት ጥቂት ወራት ነው፣ ምናልባትም ምንም። ሐኪሙ ወስኑ አለ።

«እንዳትሰቃዪ ብለን... ይቅር አልን።»

«ማን አለ?»

«እኛ።»

«በማን ሆድ ላይ?»

ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። በጥፊ ልላት ፈለግሁ፤ ላቅፋትም ፈለግሁ። የመቀመጫ ቀበቶ ታጥቆ ሁለቱም አይመችም።

«በይ አስነሺው፤ እናዙር» አልኳት። «ሐኪሙ ጋ ነው የምንሄደው።»

ቁልፉን አዞረች፣ ጋዝ ሰጠች። መኪናዋ አቃሰተችና ጠፋች።

«እማዬ፣ እግርሽን አንሺው እንጂ።»

«አንሥቻለሁ እኮ።»

ጎንበስ ብላ አየች። እኔም አየሁ። እግሬ ፍሬኑ ላይ ነው፤ እስከ ታች ረግጦታል። ትእዛዝ የደረሰው አይመስልም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች ቀስ ብላ።

«ከሰባተኛው ዙር።»

«ለምን አልነገርሽንም?»

«እናንተስ?»

ጉልበቴን በሁለት እጄ ይዤ እግሬን አነሣሁት። እሷም ፍሬቻ አብርታ አዞረች።

ሐኪሙ ስንገባ ደነገጠ። ሲደነግጥ ደግሞ የሚመጣለት አንድ ነገር ብቻ ነው። «እናቴ፣ ደህና ነዎት? ቤተሰብ ማን አለ?»

«እኔ አለሁ» አልኩና ወንበሩን ስቤ ተቀመጥኩ። ወንድሜንና ልጄን ኮሪደር አስወጣኋቸው፤ በሩ ተዘጋ። ሐኪሙ ለመናገር አፉን ከፍቶ በሩን ያያል።

«ወዲህ» አልኩት። «ዓይንህ መንገዱ ላይ ይሁን።»

ነገረኝ። አዲሱን መድኃኒት ከሚወስዱ አሥር ሰዎች የአንዱ ዕጢ ይቀንሳል፤ አራት አምስቱ ላይ ለጥቂት ወራት ባለበት ይቆማል፤ የቀሩትን ማድከም ብቻ ነው። «የብዙ ሰው ቁጥር ነው እናቴ። የእርስዎ ብቻ የሆነ ቁጥር የለኝም።»

«እኔም ለተማሪዎቼ የምለው ይኼንኑ ነው። እግሬን ደግሞ ጻፍ። ከቁርጭምጭሚቴ በታች ያለው ከእኔ ጋር መነጋገር አቁሟል።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ለምን ደበቁን? ብናውቅ ኖሮ እግር የሚያደነዝዘውን አንዱን ብቻ አቁመን ሌላውን እንቀጥል ነበር። በዕድሜዎ ላይ ለውጥ አያመጣም ነበር።»

«ማን ነግሮኝ?» አልኩ።

 በሕመሜ ዘመን ሁሉ የምቀልደው ነገር ያጣሁት ያኔ ብቻ ነው። በነፃ የሚተርፉ ሁለት እግሮች ነበሩኝ፤ ለካ በከንቱ ከፍያቸው ኖሯል። ከበሩ ውጭ ማጉያው በሹክሹክታ «እያለቀሰች ይሆን እንዴ?» ሲል ሰማሁት፤ በእርግጥም እያለቀስኩ ነበር።

አፍንጫዬን ጠረግሁ። «ሁለት ዙር እንሞክር» አልኩት። «ከዚያ ቀጥል ወይም በቃ የምልህ እኔ ነኝ። ለእኔ ንገረኝ፤ እኔ ለእነሱ እነግራቸዋለሁ።»

መኪናዋ ጋ ስንደርስ ልጄ እንደ ልማዷ የኋላውን በር ከፈተች፤ ከዚያ ዘጋችውና የፊቱን ከፈተችልኝ። ወንድሜ ከኋላ ትራሱን አቅፎ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሱ ፈቃድ ዝም አለ። ቀበቶዬን ታጠቅሁ፤ እግሬንም በእጄ አንሥቼ ቦታው ይሆናል ባልኩት ላይ አስቀመጥኩት።

ልጄ ቁልፉን ከማዞሯ በፊት ጎንበስ ብላ አየችልኝ።

«ፍሬኑ ላይ ነው እማዬ» አለችኝ።