የመቀሷ ዳኛ

ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ተማሪዎቿ ፊት ለፊት "መምህርት" ይሏታል፣ ዞር ስትል ደግሞ "መቀሷ"። ቅጽል ስሙን ማን እንዳወጣላት አይታወቅም፤ ለምን እንደወጣላት ግን የሚጠይቅ የለም። የልጆች መጻሕፍትን ሂስ ታስተምራለች፤ በየሳምንቱም ጋዜጣ ላይ አንድ አዲስ የልጆች መጽሐፍ አንስታ ወይ ታነግሠዋለች ወይ ትከረክመዋለች። መከርከሙ ይበዛል። ጋዜጣው በሚወጣበት ጠዋት ደራሲዎች ቁርስ አይወርድላቸውም ይባላል፤ እሷም ይህን ስትሰማ ከፍቷት አያውቅም።

የምትኮራበት አንድ ነገር ነበራት፤ ማንም ገዝቷት አያውቅም። ለመጽሐፍ ምረቃ ቢጠሯት አትሄድም፣ ስጦታ ቢልኩላት በመጣበት እግሩ ትመልሰዋለች። ዓለም ሁሉ ሊደልላት ቆርጦ የተነሳ ይመስላታል። "ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር" የሚለው ተረት ከአፏ አይለይም። እውነቱን ለመናገር ከገንፎው ይልቅ የምትወደው ስንጥሩን ነው።

ከጥርጣሬዋ ያመለጠች አንዲት ፍጡር ብቻ ነበረች፤ የወንድሟ ልጅ ሚጢጢ። ልጅቷ አሁን ዘጠኝ ዓመት ሞልቷት ይህ ስም ቢያስጠላትም የሚሰማት አላገኘችም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አክስቷ ቤት መጥታ ቡናማው ሶፋ ላይ ትቀመጣለች። መቀሷ ወንበር ስባ ፊት ለፊቷ ትቀመጥና አዲሱን መጽሐፍ ጮክ ብላ ታነብላታለች፣ እርሳስ በእጇ ይዛ። ሚጢጢ ስትቁነጠነጥ፣ ጉልበቷን ስታክ፣ በመስኮት ወደ ውጭ ስታይ፣ መቀሷ ገጹ ጠርዝ ላይ አንድ ጭረት ታደርጋለች። ሲያልቅ "እንዴት ነው?" ትላታለች። ልጅቷ ያለችው እሱ ፍርድ ነው፤ በሳምንቱ በትላልቅ ቃላት ተለብጦ ጋዜጣ ላይ ይወጣል። "እኛ ምሁራን እርስ በርሳችን እንዋሻለን፤ ልጅ ግን አይዋሽም" ትላለች ለተማሪዎቿ። ዳኛዋ ማን እንደሆነች ግን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

ስሟን ያስጠራው ሂስ የተጻፈውም እንዲሁ ነው። አንድ ጡረተኛ መምህር አውቶቡስ መጠበቂያ ላይ ስለተረሳች ጃንጥላ መጽሐፍ ጽፎ ነበር። ያኔ ሚጢጢ ገና ስድስት ዓመቷ ነው። ንባቡ ሳያልቅ ፊቷን በሶፋው ትራስ ሸፍና "መጥፎ ነው! ደግመሽ እንዳታነቢው!" አለች። መቀሷም "ሕፃን ፊቱን የሚሰውርበት መጽሐፍ" ብላ ጻፈች። ሂሱ አሁን በክፍል ውስጥ ይጠናል። መጽሐፉ ከየሱቁ ተሰበሰበ፣ ሰውየውም ከዚያ ወዲህ አንድ መስመር አላሳተመም። መንገድ ላይ ሲያገኛት ባርኔጣውን ብድግ አድርጎ ሰላም ይላታል። በዚያ ሰላምታ ውስጥ መርፌ እንዳለ መቀሷ ተጠራጥራ አታውቅም፤ እርግጠኛ ናት።

ነገር የተበላሸው የትምህርት ክፍሏ ኃላፊ በተራው መጽሐፍ በጻፈ ጊዜ ነው። የማዕረግ እድገቷን የሚፈርምላት እሱ ነው። መጽሐፉ ስለ አንዲት ታታሪ ጉንዳን ሲሆን፣ ጉንዳኗ በየገጹ ትመክራለች፤ ስለ ጥርስ ንጽህና፣ ስለ ሰዓት ማክበር፣ ስለ ዝምታ ጥቅም።

"ያለ ይሉኝታ ጻፊ" አላት ኃላፊው።

"እኔ መቼ ይሉኝታ አውቅና!" አለችው፣ ከልቧ።

ቅዳሜ አነበበችላት። ሚጢጢ አልተቁነጠነጠችም። ጉልበቷን አላከከችም። ጉንዳኗ የመጨረሻውን ምክሯን መክራ ስትጨርስ "በጣም ደስ ይላል" አለች።

መቀሷ እርሳሱን አስቀመጠች። ይህችን ጉንዳን እናቷም አትወዳትም። ታዲያ ልጅቷን ምን ነካት? ዓይኗ ወደ ሚጢጢ ቦርሳ ሲሄድ፣ ዚፑ ገርበብ ካለበት በኩል አዲስ የባለቀለም እርሳስ ካርቶን ብቅ ብሏል። ውድ ዓይነት ነው።

"ማን ገዛልሽ?"

"አባዬ።"

አባዬ! ብርጭቆ ሲሰበር ለቅሶ የሚቀመጠው ወንድሟ! የወንድሟ መነጽር መሸጫ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት ነው፤ ኃላፊውም መነጽር ያደርጋል። መቀሷ ነገሩ ሁሉ ወለል ብሎ ታያት።

በነጋታው ሱቁ ሄደች። ወንድሟ አንድ መስታወት ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ እያየ ነበር።

"የኛ ኃላፊ እዚህ ይመጣል?"

"ይመጣል እንጂ፣ ደንበኛዬ ነው።"

"ምን አለህ?"

"ቀኝ ዓይኔ ደከመብኝ አለኝ።"

"ለልጅቷስ ምን ሰጣት?"

"ለየቷ ልጅ?"

"አትደብቀኝ! ያን እርሳስ በምን ገዛኸው?"

ወንድሟ መስታወቱን አስቀምጦ አያት። "በገንዘቤ ነዋ፣ እታለም። ልደቷ ነበር እኮ። ኬኩን የቆረስሽው አንቺ ነሽ። ደህና አይደለሽም እንዴ? ነይ እስቲ ዓይንሽን ልመርምረው?"

ኬኩን መቁረሷ ትዝ አላት። ቢሆንም አላመነችም፤ የተጠራጠረ ሰው ማስረጃ ሲያጣ ይብስበታል። ሌሊቱን ስታወጣ ስታወርድ አድራ አንድ ወጥመድ አሰበች።

በቅዳሜው የፍሪጁን መመሪያ አወጣችና በአንድ የሚያምር የልጆች መጽሐፍ ሽፋን ውስጥ ደበቀችው። ሚጢጢ ሶፋው ላይ ስትመቻች፣ መቀሷ ድምጿን አለስልሳ ጀመረች። "በሩን በኃይል አይዝጉ" አለች፣ ቅንድቧን ከፍ አድርጋ። "ከግድግዳው ጥቂት ያርቁት።" እዚህ ላይ ፈገግ አለች። "በረዶውን በስለታም ነገር አይፋቁ..." ብላ እንደሚያሳዝን ታሪክ ትንፋሿን ሳበች።

ሚጢጢ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣጥፋ ጭጭ አለች። ሲያልቅ "በጣም ደስ ይላል" አለች።

"ምኑ?"

"በረዶው... ስላልፋቁት።"

መቀሷ መመሪያውን ከሽፋኑ መዝዛ አሳየቻት። "ይሄ የፍሪጅ ወረቀት ነው። በይ ንገሪኝ፣ ማነው ደስ ይላል በይ ያለሽ?"

ልጅቷ ወደ ሶፋው ጥግ ሸሸች። "ማንም።"

"ማነው?"

"ማንም አላለኝም! አንቺን ነው የማየው።"

"እኔን?"

"ስትወጂው ቅንድብሽ ከፍ ይላል። ስትጠዪው ጣትሽን በምራቅሽ እያራስሽ ገጹን ቶሎ ቶሎ ትገልጪዋለሽ። ያኔ እቁነጠነጣለሁ። ስቁነጠነጥ በእርሳስሽ ታሰምሪያለሽ፤ ስታሰምሪ ደስ ይልሻል።"

"የጉንዳኗንስ?"

"እሱንማ ስታነቢ ፈገግ ብለሽ ነበር። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው።"

መቀሷ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ፈገግ ማለቷን አላወቀችም። ጉቦኛ ፍለጋ ከተማውን ስታስስ ከርማ፣ ጉቦኛዋ ለካ ለማዕረጓ ብላ ፈገግ እያለች የምታነበው ራሷ ኖራለች። አፈረች። ከዚያ አንድ የባሰ ሐሳብ መጣባትና ሐፍረቱ ወደ ፍርሃት ዞረ።

"የጃንጥላዋን መጽሐፍ ታስታውሻለሽ? ፊትሽን የሸፈንሽበትን?"

ሚጢጢ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

"ለምን ሸፈንሽ?"

"አንቺ ስላለቀስሽ።"

"እኔ አላለቀስኩም። ጉንፋን ይዞኝ ነበር።"

"አልቅሰሻል። መጽሐፉ ያመመሽ መሰለኝ። እንዳትደግሚው ብዬ ነው መጥፎ ነው ያልኩሽ።"

እውነት ነው፣ አልቅሳ ነበር። በልጅነቷ አባቷ ከትምህርት ቤት ሊወስዳት ይረሳት ነበር፤ ዘበኛው በሩን ቆልፎ ሲጨርስ፣ ዝናቡ ሲጀምር፣ እሷ ቦርሳዋን አቅፋ ትጠብቅ ነበር። ያን ሁሉ ለማንም ሳትናገር አድጋ፣ የማታውቀው ሽማግሌ በአንዲት ጃንጥላ አድርጎ ጻፈው። በሕይወቷ እንዲህ ልቧን የነካ መጽሐፍ አልነበረም። እሱኑ ነው የከረከመችው።

ተነስታ ከመደርደሪያው ታችኛው ረድፍ መጽሐፉን አወጣችና ለሚጢጢ ሰጠቻት። "አሁን አንቺ አንብቢልኝ" አለች። ራሷ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ፊቷን በትራሱ ሸፈነች።

ልጅቷ አነበበች፣ እየተደናቀፈች። ሰዎች በዝናብ ጃንጥላዋን ይዋሷታል፣ መልሰው ያስቀምጧታል፤ ባለቤቷ ግን አይመጣም።

"እንዴት ነው?" አለች መቀሷ ከትራሱ ሥር።

"ትራሱን አንሺው፣ ፊትሽን ልይ።"

"አላነሳም።"

ሚጢጢ ብቻዋን ፈርዳ አታውቅምና ጨነቃት። በመጨረሻ "አላውቅም" አለች። "ባለቤቷ ግን ለምን አልመጣም?"

በዚያ ቤት ስለ መጽሐፍ ልጅ የጠየቀው የመጀመሪያው እውነተኛ ጥያቄ ይህ ነበር። መቀሷም መልሱን አታውቅም፤ ከትምህርት ቤቱ በር ጀምሮ ራሷም ስትጠይቀው የኖረችው ነው።

"የሚያውቀው የጻፈው መምህር ነው" አለች።

"ባርኔጣ የሚያነሳልሽ? እንጠይቀው?"

የመምህሩ ቤት ሩቅ አልነበረም። መቀሷ ደጁ ላይ ቆማ አንኳኳች። በሩን ራሱ ከፈተው፤ በሹራብና በነጠላ ጫማ ነበር። ሲያያት እጁ እንደ ልማዱ ወደ ራሱ ሄደ፤ ባርኔጣ አለመኖሩን ያወቀው ጣቶቹ ሽበቱን ሲነኩ ነው። ሰላምታው ውስጥ መርፌ አልነበረም፤ ሰውየው እንዲሁ ጨዋ ነው።

ሚጢጢ መጽሐፉን ደረቷ ላይ እንደያዘች ጠየቀችው። "የጃንጥላዋ ባለቤት ለምን አልመጣም?"

ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ አያት። ፊቱ በራ። "እሱማ በሁለተኛው መጽሐፍ ነበር የሚታወቀው፣ ልጄ።"

"የት አለ ሁለተኛው?"

"አልጻፍኩትም" አለ።

"ለምን?"

መምህሩ ቀና ብሎ መቀሷን አያት፣ ወዲያው ዓይኑን ሰበረ። ሚጢጢ እንደ ልማዷ ዞራ የአክስቷን ፊት አየች። መቀሷ የምትሸፍንበት ትራስ አልነበራትም።