የሶፋው ፎቶ

ጂዶ ቴሌቪዥን እያዩ ብቻቸውን ማዘን አይወዱም። ቤቱ ሁሉ ጂዶ፣ አያት፣ የሚላቸው የማዳም አባት ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የፊዚክስ አስተማሪ። ያን ጥር የሚኖሩባት የዐረብ ሰፈር ተላዕ አል-ዓሊ በብርድ ስትንቀጠቀጥ፣ ሠራተኛዋን ካሳነሽን ከወጥ ቤት ጠርተው ሶባ የሚሉት ማሞቂያ አጠገብ እንድትሞቅ አስቀመጧትና፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት ሰባት ሰው እንደያዘች ሰማይ ላይ የጋየችውን የአሜሪካ መንኮራኩር አሳዩዋት።

«ብርድ ነው» አሉ በዐረብኛ። «መጋጠሚያው ላይ ያለው ጎማ ደረቀ። መሐንዲሶቹ ዛሬ ይቅር ብለው ነበር።»

«ታዲያ ማን እምቢ አለ?»

«አለቆቹ። ከዚያ በፊትም ጎማው ተበልቶ እየተመለሰ፣ በሰላም ከገባች ምን ቸገረን ይሉ ነበር።»

ስብርባሪው ከባሕር ሲለቀም፣ ሹማምንቱ በአደባባይ ሲጠየቁ ካሳነሽ አየች። በእነሱ ሰፈር የወደቀ ነገር ይሸፈናል።

እሷም በሰላም ገባች ከተባሉት ናት። ማዳም ወደ ሙት ባሕር የሄደች ቀን፣ የማዳምን ሻል ደርባ ሳሎን ሶፋ ላይ የተነሳችውን ፎቶ ለእናቷ ልካለች። እዚህ የሚሠሩት የአገሯ ሴቶች ሁሉ የላኩት ያንኑ ነው፤ ሶፋው ብቻ ይለያያል። የመጀመሪያ አሠሪዋ ከደረጃ ገፍትራት ተሰብሮ፣ ጠሞ የቀረውን ግራ ክንዷን ሻሉ ሸፍኖላታል። ፎቶውን እናቷ ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች። ወደ ዐረብ አገር የላካት ደላላ ሰው እየያዘ መጥቶ ያስጎበኘዋል ይባላል።

ጉዞው ከተከለከለ ወዲህ ደላላው በሱዳን ነው የሚያሻግረው። ታናሿ ጣይቱም በዚያ ልትወጣ ተነስታለች።

ፊልሙ ሲያልቅ ካሳነሽ ወጥ ቤት ገብታ እጅጌዋን ሰበሰበች። ክንዷን በስልኳ ፎቶ አንስታ ለጣይቱ ላከችና በድምፅ አስከተለች፦ «ጣይትዬ፣ አትምጪ። እዚያ ሶፋ ላይ የተቀመጥኩት ለፎቶው ብቻ ነው።»

መልሱ አልዘገየም።

«እታለም፣ በልተሽ ስትጠግቢ በሩን ልትዘጊብኝ ነው? ይሄ ክንድ የማን ነው? ፎቶው ላይ የለም እኮ። ደላላውም ነግሮኛል፤ የደረሱት ሁሉ አትምጪ ይላሉ፣ ራሳቸው ግን አይመለሱም አለ።»

ደላላው አንድ ጊዜ እውነት ቢናገር ይሄንኑ ነው። ካሳነሽ እናቷ ጋ ደውላ ፎቶውን አውርጂው አለቻት።

«ምን በወጣው» አለች እናቷ። «ግድግዳው ምን ሊመስል ነው?»

ተመልሳ ሳሎን ገባች።

«ጂዶ፣ ከዚያ ወዲያ በረሩ?»

«ጎማውን አስተካክለው በረሩ። ትምህርቱን ሲረሱት ደግሞ ሌላዋ ወደቀች።»

በማግስቱ ከሱዳን ድንበር፣ ከመተማ፣ የጣይቱ ፎቶ መጣ። አውቶቡስ ተደግፋ ትስቃለች። ሻል ደርባለች፤ አደራረቧ ቁርጥ የእህቷ ነው፣ ግራ ክንዷን ሸፍናዋለች።