በምን አወቅሽ?

ሱፐርቫይዘሩ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ሲመለከት፣ የሁለተኛ ክፍሉ መምህር ከረባቱ አንቆት ላብ በላብ ሆኗል። ጉሮሮውን ጠራርጎ አነበበ። «ሴትዮዋ ቤቷን አስጠረገች። አዲስ ልብሷን ለበሰች። ልጆቿን በቁልምጫ ጠራች። ለምን ይመስላችኋል?»

ከፊት የተቀመጠችው ጥርሰ ወላቃ ልጅ እጇን አወጣች። «እንግዳ ሊመጣባት ነው።»

መምህሩን ደስታ አላስቀምጥ አለው። እዚያው ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት፤ ሙገሳ ግን አንዴ ከቀመሱት አያጠግብም። «ታሪኩ ውስጥ እኮ እንግዳ የሚል የለም። በምን አወቅሽ፣ የኔ ማር?»

ልጅቷ ዞር ብላ ሱፐርቫይዘሩን አየችው።

«ቲቸር፣ እርስዎም ዛሬ ክፍሉን አስጠርገውናል፤ ከረባትም አስረዋል። እኔን ደግሞ እስከ ትናንት ‹ድንጋይ ራስ› ነበር የሚሉኝ።»