ቁመትና ኩላሊት

ቶርኪል በጎኑ ተኝቶ ግድግዳውን ያያል። ቦዲል የምትባለው መርማሪ ጀርባውን ቀዝቃዛ ቅባት ቀብታ የአልትራሳውንዱን መሣሪያ እያንሸራተተች፣ «አየር ሳብ፤ ያዘው፤ እንዳትተነፍስ» አለችው።

የወደቡ ከተማ ሆስፒታል የጤነኛ ሰው ኩላሊት ርዝመቱ ስንት እንደሚሆን ሠንጠረዥ ሊያወጣ መቶ ፈቃደኞች ፈልጎ ነበር። ቶርኪል ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ታምሞ ከዓሣ መረብ ጥገና ሥራው የቀረበት ቀን የለም። ይሄን ልብ ያለለት ሰው ግን አልነበረም። አንዴ እንኳ ጤነኛ ተብሎ በወረቀት ልጻፍ ብሎ መጣ።

ከመጋረጃው ማዶ አይናር ሸሚዙን ይቆልፋል። እሱ ተለክቶ ጨርሷል፤ አሥራ አንድ ተኩል ሴንቲሜትር። ሁለት ጊዜ ጮክ ብሎ ተናግሯል። ከአርባ ዓመት በፊት ለውትድርና ምርመራ በውስጥ ሱሪ በተሰለፉ ቀን ቶርኪልን በትንሿ ዓሣ ስም «ሳርዲን» ብሎ የሰየመው እሱ ነው። ስሙ ዛሬም ወደቡ ላይ አለ።

ቦዲል እንደገና ለካች።

«ምነው?» አላት።

«ቀኙ ዘጠኝ ነጥብ ስድስት፣ ግራው ዘጠኝ ነጥብ ስምንት። ሜትር ከሰባ ሁለት ለሆነ ሰው ያንሳል፣ ቶርኪል። ደምህን ተመርመር። ከዝርዝሩ ግን ላወጣህ ነው።»

«ቁመትን ምን አመጣው?»

«የረጅም ሰው ኩላሊቱም ረዘም ይላል።»

«ሳርዲን!» አለ አይናር ከማዶ። «ኩላሊትህም የሳርዲን ሆነ እንዴ? አይዞህ፣ አበባ ይዤ እጠይቅሃለሁ!»

«አንተ ሸሚዝህን ቆልፍ!»

ሜትር ከሰባ ሁለትን ቅጹ ላይ የጻፈው ራሱ ነው። ሰው የጻፈው ይታመናል፤ ማንም ሜትር ይዞ አይከተልም። ከዚያ ሰልፍ ወዲህ ፓስፖርቱ ላይም እንዲሁ ብሎ ሲያስጽፍ ኖሯል። ሚስቱ ታውቅ ነበር፤ አንድም ቀን ሳታነሳበት ሞተች።

አሁን እውነቱን ቢናገር አይናር ይሰማል። ባይናገር በሽተኛ ተብሎ ይወጣል።

«ቁመቴን አልተለካሁም» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ምን አልክ?»

«ለኪኝ አልኩሽ!»

ከበሩ ጀርባ ካለው መለኪያ ሥር አቆመችው። ወፍራም ተረከዝ ያለውን ጫማውን አወለቀ። አይናር መጋረጃውን ገልጦ አንገቱን አስግጓል።

«ሜትር ከስልሳ ሦስት» አለች ቦዲል።

«ይኸውላችሁ! አርባ ዓመት ሙሉ ሳርዲን ነው ስል፣ ስም አጥፊ እያላችሁኝ!»

ቦዲል አልሳቀችም። «ለዚህ ቁመት ኩላሊትህ ልክ ነው። ጤነኛ» ብላ ጻፈች። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ የተከመሩትን ቅጾች አየች። እስከዚያ ቀን ሠላሳ አራት ሰው ለክታለች፤ ቁመታቸውን የጻፉት ሁሉም ራሳቸው ናቸው።

«አይናር፣ አንተም ና እስቲ።»

«እኔ ደሞ ምን አደረግኩ?»

«ጫማህን አውልቅ።»

ቶርኪል መሄድ ይችል ነበር። ወንበር ስቦ ተቀመጠና የጫማውን ክር አሰረ፤ ፈታው፤ ደግሞ አሰረ። የአይናር ቁጥር እስኪጠራ።